ከንግግር በኋላ ያለውን የቀዱት የእትዬ ክር የሕይወት ታሪክ

እትዬ ክር ከሰዓት ሠሪ አባታቸውና ከስልከኛ እናታቸው፣ በ1948 ዓ.ም. ዝናቡ ሊያባራ ጥቂት ሲቀረው፣ ከስልክ ማዞሪያው ቤት ጀርባ በነበረች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ሲሆኑ አንድ ወንድም ተከትሏቸዋል።

በእንዲህ ያለ ጽሑፍ ላይ ሟች ሁሉ ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ፣ ከሁሉም ጋር ተግባቢ እንደነበሩ መጻፍ የተለመደ ነው። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባላል። የእትዬ ክር አንገት እንደማንኛችንም ነበር። ከሁሉም ጋር አይግባቡም፤ ከብዙው ሰው ጋር ላለመግባባትም በቂ ምክንያት ነበራቸው። በመጨረሻው ሕመማቸው ጊዜ ወንድማቸውን ጠርተው፣ «ስሞት ውሸት አስነብበህ እንዳታሳፍረኝ። ሬሳ መልስ አይሰጥም ብለህ እንዳትዘናጋ» ብለዋቸው ስለነበር፣ በዚህ ጽሑፍ ቃላቸውን ለማክበር ተሞክሯል።

እናታቸው ማዳመጫ በጆሯቸው ደፍተው፣ በፊታቸው ካለው ባለ ብዙ ቀዳዳ ሰሌዳ ላይ ገመድ እየነቀሉ እየሰኩ፣ የከተማውን ሰው እርስ በርሱ ሲያገናኙ ይውሉ ነበር። የነጋዴው ክርክር፣ የባልና ሚስቱ ጠብ፣ የመርዶው ጩኸት ሁሉ በእጃቸው ያልፋል። ማታ ሲገቡ ታዲያ አይናገሩም። ጫማቸውን አውልቀው ከመስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ይቀመጡና፣ ግራ ጆሯቸውን በመዳፋቸው ይዘው፣ በአፍንጫቸው ረዘም አድርገው እየተነፈሱ ዝም ይላሉ። በዚያን ጊዜ አባትየው ተነሥተው ለጥገና የመጡትን የግድግዳ ሰዓቶች አንድ በአንድ ያስቆሟቸዋል። ደንበኞቻቸው፣ «ምነው ጋሼ፣ ሰዓቴ እርስዎ ዘንድ አድሮ ሲመጣ ወደ ኋላ ይቀራል» እያሉ ቢያማርሩም፣ «ሚስቴ ደክሟት ነው» ከማለት በቀር ሌላ ምክንያት ሰጥተው አያውቁም። እትዬ ክር ከእናታቸው እግር ሥር ተቀምጠው ያንን ትንፋሽ ሲያዳምጡ አደጉ። የመጀመሪያ ትምህርት ቤታቸው እዚያ ነበር ማለት ይቻላል።

ሌላውን ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ተከታትለዋል። የፊዚክስ አስተማሪያቸው አባታቸውን አስጠርተው፣ «ልጅዎ ትሰማለች፤ ስትጠየቅ ግን አትመልስም» ብለው ቢከሱ፣ አባትየው፣ «ሰምታ አልጨረሰች ይሆናል» ብለው መልሰዋል። እትዬ ክር ስለ ራሳቸው ከተነገረው ሁሉ ያመኑት ይህንኑ ብቻ ነው።

በ1968 ዓ.ም. ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በራዲዮ ጥገና ተመርቀው በራዲዮ ጣቢያው የድምፅ ክፍል ተቀጠሩ። በዚያን ዘመን የተቀዳ ንግግር የሚታረመው በምላጭ ነበር። ተናጋሪው የሳለበት፣ የተንተባተበበት፣ ትንፋሽ አጥሮት ያቃሰተበት ቦታ ከቴፑ ላይ ይቆረጥና ሁለቱ ጫፎች በፕላስተር ይያያዛሉ፤ ሰውየው በራዲዮ ሲሰማ ሳንባ የሌለው፣ ሐሳብ የማይጠፋው ፍጡር ሆኖ ይወጣል። የተቆረጠው ደግሞ ቅርጫት ውስጥ ይገባል። እትዬ ክር ቅርጫቱን ወደ ቤታቸው ይወስዱ ነበር። ቁርጥራጩ ቡናማ ክር በሹራባቸውና በፀጉራቸው ላይ ተንጠልጥሎ ስለሚታይ የጣቢያው ዘበኛ «ክር ገባች፣ ክር ወጣች» ማለት ጀመሩ፤ ስሙ በዚያው ጸና። «እትዬ» የሚለው በኋላ በዕድሜ የተጨመረ ነው።

በ1970 ዓ.ም. በሲኒማ ቤት ፊልም ያጫውቱ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ተጋቡ። የተዋወቁት እትዬ ክር መቅጃቸውን ተሸክመው መጥተው፣ ፊልሙ ሲያልቅ እንዲያስገቧቸው በለመኑ ጊዜ ነው። ተመልካቹ ተነሥቶ ሲወጣ እየተከታተሉ የሚታጠፉትን ወንበሮች ድምፅ ፈልገው ነበር። አጫዋቹ፣ «ሰው ፊልም ለማየት ይመጣል፤ አንቺ ወንበር ሲታጠፍ ልትሰሚ?» ቢሏቸው፣ «ፊልሙንማ ሁሉም ሰምቶታል» አሉ። ባለቤታቸው ይህን ዕድሜያቸውን ሙሉ ለእንግዳ ሲያወሩት ኖረዋል፤ ሁልጊዜም የሚጨርሱት፣ «በነፃ አስገባኋት፣ ይኸው እስከ ዛሬ አልወጣችም» በማለት ነው። ትዳራቸው በአንዲት ሴት ልጅ ተባርኳል።

በ1973 ዓ.ም. ከዓመታት ቅርጫት የሰበሰቡትን ቁርጥራጭ በፕላስተር አያይዘው የመጀመሪያ ሥራቸውን በጣቢያው የምሳ ክፍል ውስጥ አስደመጡ። ሳል፣ ምራቅ መዋጥ፣ ወረቀት መግለጥና ማቃሰት ብቻ ነበር። ባልደረቦቻቸው ሳቃቸውን መቆጣጠር ሲያቅታቸው የጣቢያው ኃላፊ ገቡ።

«ይሄ የሚያቃስተው ማነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እኔ መቼ እንዲህ ብዬ አውቃለሁ?»

«ያሉትንማ በራዲዮ አስተላልፈነዋል፤ ይሄ የተረፈው ነው።»

ኃላፊው ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ አሮጌ ዕቃ መጋዘን አዛወሯቸው። ቅጣት መሆኑ ነው። ዝንጀሮን ገደል በመስደድ እንደ መቅጣት ነበር። በመጋዘኑ ውስጥ አገር ምድሩ አጨብጭቦ የተቀበላቸው፣ ሪባን የተቆረጠላቸው፣ ከዚያም አቧራ የለበሱ መሣሪያዎች ተደርድረው ነበር። ከነሱ መካከል መመሪያውን የሚያነብ ጠፍቶ ከካርቶኑ ሳይወጣ ያረጀ የቪዲዮ ካሜራ አገኙ። ከዚያ ወዲህ በድምፅም በምስልም መሥራት ጀመሩ።

የሥራቸው ጠባይ አንድ ነበር፤ ቀላልም ነበር። አንድ መሣሪያ ሥራ ሲያቆም ወይም አዲሱ ሲተካ ይሄዳሉ፤ ማተሚያ ቤት ቢሆን፣ ክር ፋብሪካ ቢሆን፣ የእህል መመዘኛ ቢሆን። ካሜራውን በሦስት እግሩ ያቆሙታል፤ ከዚያ በኋላ አይነኩትም። ሥነ ሥርዓቱ ይካሄዳል፤ ንግግሩ ይደረጋል፤ ጭብጨባው ይጨበጨባል። ሌሎች ቀጂዎች ገመዳቸውን ጠቅልለው ይሄዳሉ። እትዬ ክር ግን መቅጃቸውን ቀድመው አይዘጉም። የመጨረሻው ሰው ከክፍሉ እስኪወጣ፣ መሣሪያው እስኪቀዘቅዝ ይጠብቃሉ። ይህንን የመጨረሻ ክፍል «ጭራው» ይሉታል። ወሬው ሁሉ ጭራው ላይ ነው ብለው ያምኑ ነበር።

እውነትም ነበረ። በማተሚያ ቤቱ ሥራ አስኪያጁ አሮጌውን ማሽን በእንባ ከተሰናበቱ በኋላ ለሾፌራቸው፣ «አሁን ይሄንን ቆርቆሮ የሚገዛ ቂል ከየት አባታችን እናመጣለን?» ሲሉ ተቀድተዋል። በእህል መጋዘኑ አዲሱ ሚዛን «እንከን የለሽ» ተብሎ ከተመረቀ በኋላ ባለሥልጣኑ ራሳቸው ወጥተውበት የተናገረውን ክብደት ባለማመን በእርግጫ ሲመቱት ይታያል። በክር ፋብሪካው ደግሞ አንዲት ሠራተኛ ሁሉም ከወጣ በኋላ ተመልሳ ገብታ፣ የቆመውን ማሽን በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ፣ ስትወጣ ትታያለች። እትዬ ክር በሥራዎቻቸው ውስጥ ካሉት ሰዎች ሁሉ ፊታቸው የሚለሰልሰው ይህችኛዋን ሲያዩ ነበር።

ጋዜጦች ቴክኖሎጂንና ታሪክን ይመረምራሉ እያሉ ሲጽፉላቸው ይስቁ ነበር። «እኔ የምመረምረው ሰው ማሽን ሲገዛ የሚያሳየውን ጉራና ሲጥል የሚያጣውን እፍረት ነው» ይሉ ነበር። ለጉራ ትዕግሥት አልነበራቸውም፤ ለሊቅ ነኝ ባይ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። አንድ ሃያሲ ሥራቸውን ዓይቶ «ዝምታው ምንን ይወክላል?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ «ጥያቄህን እስክትጨርስ የጠበቅኩትን ይወክላል» ብለውታል። ወንድማቸው ጸሎት የሚያበዙ ሰው ስለሆኑ፣ እሳቸውንም፣ «አንተ እንዲህ ስታወራለት እግዜር መቼ ይመልስልህ? እስቲ ጨርስና ጠብቀው» ይሏቸው ነበር። ወንድማቸው ቅር ሳይላቸው ምክሩን ተቀብለዋል።

በ1985 ዓ.ም. የእናታቸው የስልክ ማዞሪያ ቤት በአውቶማቲክ ተተካ። እናታቸውም በዚያው ዕለት ጡረታ ወጡ። የእትዬ ክር ካሜራ በዚያን ሰሞን ተበላሽቶ ስለነበር ድምፅ ብቻ ቀዱ። ንግግር ተደረገ፤ «ከእንግዲህ የሰው እጅ አያስፈልግም» ተባለና ተጨበጨበ። እጃቸው የማያስፈልገው ሰዎች እዚያው ተቀምጠው አብረው አጨበጨቡ። ሰው ሁሉ ወደ ለስላሳው መጠጥ ሲሄድ እናትየው ከወንበራቸው አልተነሡም። ማዳመጫውን መልሰው ጆሯቸው ላይ አደረጉ። በሰሌዳው ላይ ማንም አይጠራም። ገመዶቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ወደ ማረፊያቸው መለሱ፤ ከዚያ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ በአፍንጫቸው ረዘም አድርገው እየተነፈሱ ቆዩ። ልጃቸው ከኋላቸው ቆመው እስኪነሡ ድረስ ቀዷቸው። እናትና ልጅ በዚህ ነገር ተነጋግረው አያውቁም። እትዬ ክር በቴፑ ካርቶን ላይ «እማዬ» ብለው ጻፉበት። እናታቸው ከሦስት ዓመት በኋላ ዐረፉ። ሌላ የተቀዳ ድምፅ አልነበራቸውም፤ የሌላውን ሰው ድምፅ ሲያስተላልፉ ኖረው የራሳቸውን ለማስቀመጥ ጊዜ አላገኙም።

በ1996 ዓ.ም. የእትዬ ክር ቤት ጣሪያ ማፍሰስ ጀመረ። ቴፕ እርጥበት ሲነካው ይሻግታል። ባለቤታቸውም ታመው ስለነበር ጣሪያውን የሚያስጠግን አልተገኘም። ስለዚህ የዕድሜ ልክ ሥራቸውን ቀዝቃዛና ደረቅ ክፍል ላለው የድምፅና የምስል ማኖሪያ ቤት በአደራ ሰጡ። የማኖሪያ ቤቱ ኃላፊ «አቶ ማጠቃለያ» በሚል ቅጽል የሚታወቁት ሰው ናቸው። ቅጽሉ የወጣላቸው «ለማጠቃለል ያህል» ብለው ንግግር ስለሚጀምሩና ከዚያ በኋላ አድማጩ ጸጉሩን አሸብቶ ስለሚነሣ ነው። ዛሬም ከመካከላችን ይገኛሉና እንኳን ደህና መጡ። አደራውን ሲቀበሉ፣ «እትዬ፣ ይሄ ከእንግዲህ የትውልድ ሀብት ነው» ብለው ነበር። የትውልድ ሀብት የተባለ ነገር ብዙም እንደማይቆይ ያን ጊዜ የጠረጠረ አልነበረም። ባለቤታቸው በማግሥቱ ዓመት ዐረፉ።

በ2003 ዓ.ም. ማኖሪያ ቤቱ ስብስቡን በሙሉ ወደ ኮምፒውተር አዛወረ። ለዚህ የተገዛው ፕሮግራም ድምፅ ከተወሰነ መጠን ሲያንስ «ባዶ» ብሎ በራሱ የሚቆርጥ ነበር። ቦታ ለመቆጠብ ነው ተብሏል። በዚያ ሁሉ ቢሮ፣ በዚያ ሁሉ ደረጃ፣ በዚያ ሁሉ ባለ ማዕረግ መካከል አንድ ሰው ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ ባዶ የተባለው ባዶ መሆኑን ልስማ አላለም። ከዚያም ቴፖቹ ሥራቸውን ጨርሰዋል ተባለ። ቀዝቃዛው ክፍል ለአዳራሹ ትርፍ ወንበሮች ማስቀመጫ ተፈለገና ቴፖቹ በጆንያ ተሞልተው ወጡ።

እትዬ ክር ለምረቃው በክብር ተጋበዙ። አቶ ማጠቃለያ አንዲት ትንሽ ፍላሽ በሁለት ጣታቸው አንሥተው፣ «ይኸው እትዬ፣ ያ ሁሉ ክምር በመዳፍ ልክ ሆነልዎ» አሏቸው። እትዬ ክር «እማዬ» የሚለውን እንዲያሰሟቸው ጠየቁ። ንግግሩ ተሰማ፤ ጭብጨባው ተሰማ፤ አበቃ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ባዶ ነበር።»

«ባዶ መሆኑን ማን ሰማው?»

«ማሽኑ ነዋ፣ እትዬ። ማሽን እኮ አይሳሳትም።»

«ማሽንማ ምን ያድርግ፣ ታዞ ነው» አሉና ተነሥተው ወጡ። አቶ ማጠቃለያ እንግዳዋ ወደ መጸዳጃ ቤት የሄዱ መስሏቸው ንግግራቸውን ቀጠሉ። በር ላይ ወንድማቸው ቆመው ሲጠብቁ ነበርና፣ እትዬ ክር ያሏቸው ይህ ነው፦ «ዝም አይነቅዝም ሲባል አልነበር? እነዚህ ነቀዝ አበጁለት።»

ከዚያ በኋላ የጆንያዎቹን ዱካ መፈለግ ያዙ። ጆንያዎቹን ያወጣው የጭነት መኪና ሾፌር አልደበቀም፤ ከከተማው ውጭ ላሉ ገበሬዎች ሰጥቶታል። ክሩ በእንጨት ላይ ተወጥሮ ሲታሰር በነፋስ ስለሚጮኽ ወፍ ያባርራል። እኅትና ወንድም ሄዱ። የደረሰ እህል ላይ ከዳር እስከ ዳር ቡናማ ክር ተወጥሯል፤ በፀሐይ ያብለጨልጫል፤ ነፋስ ሲነካው እንደ ንብ መንጋ ያጉረመርማል። የሠላሳ ዓመት ሥራ ነው። እትዬ ክር ለረጅም ጊዜ ቆመው አዳመጡ። ከዚያ ባለ እርሻውን ጠርተው ወፍ ያስቸግራቸው እንደሆነ ጠየቁ።

«ኧረ አንዱም አይደርስ፣ እትዬ። ምን እንዳለበት እንጃ፣ ይፈሩታል።»

«ንግግር ነው ያለበት» አሏቸው። «እኔም ወፍ ብሆን አልደርስም።»

ገበሬው ደግ ሰው ነበሩ፤ እህሉ ሲሰበሰብ ክሩን ጠቅልለው አመጡላቸው። ፀሐይ ያደረቀውን፣ የተቆራረጠውን በዕድሜያቸው መጀመሪያ በለመዱት ፕላስተር እየቀጠሉ ወደ መስማት ገቡ። ወንድማቸው የድምፅ ትምህርት የተባለ አልተማሩም፤ ነገር ግን ከሥራ ሲወጡ ከእኅታቸው ጎን ተቀምጠው ማዳመጫ አጥልቀው ይሰሙ ነበር። መጀመሪያ ሁሉም ፍሽሽታ ብቻ ይመስላል። ሲቆይ የክፍል ስፋት ይሰማል፤ ሲቆይ የወንበር እግር፤ ሲቆይ ከሩቅ የሚዘጋ በር። የሚዛኑ እርግጫ ተገኘ። «ቂል ከየት እናመጣለን» የሚለውም ተገኘ፤ እንዲህ ያለውማ ፀሐይም አይገድለው። የእማዬ ትንፋሽ ግን አልተገኘም። ዝናብ መጥቶ ዝናብ ሄደ። አንድ ቀን እትዬ ክር ማዳመጫቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና፣ «በቃ። እሷም ደክሟታል» አሉ።

አንድ ጊዜ ብቻ ደግመው ሞክረዋል። የማዞሪያው ቤት ዛሬ ሞባይል መሸጫ ሆኗል። ባለ ሱቁን አስፈቅደው እናታቸው ይቀመጡበት በነበረው ቦታ መቅጃቸውን አስቀመጡ። የማቀዝቀዣ ድምፅና «አሪፍ ካሜራ አለው፣ እመኚኝ» የሚል የሻጭ መሐላ ቀድተው ተመለሱ። በዚያው ቀን አጠፉት። «ዝምታ እንደ ሱቅ ለሌላ አይከራይም» አሉ።

በ2007 ዓ.ም. የመጨረሻ ትልቅ ሥራቸውን ለሕዝብ አቀረቡ። ከማኖሪያ ቤቱ የተሰጣቸውን የተቆራረጠ ድምፅ ምንም ሳይነኩ በባዶ አዳራሽ አስለቀቁት፤ ንግግር በንግግር ላይ፣ ያለ ትንፋሽ፣ ያለ ፋታ፣ ከጠዋት እስከ ማታ። ከእርሻው የመጣውን ክር ደግሞ ከጣሪያ ሰቅለው በነፋስ ማራገቢያ አስጮኹት። ለወፍ የሚበቃ ለሰው ያንሳል ብለው አላሰቡም። ተሳስተው ነበር። ይፈራል የተባለው ሁሉ ከነቤተሰቡ መጣ። አቶ ማጠቃለያም መጡ፤ የራሳቸው ንግግር ሲደርስ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አብረው አሉት። ሲጨርሱም፣ «ጥርት ብሏል፤ እንደዚህ ተሰምቼ አላውቅም» ብለው የአርቲስቷን እጅ በሁለት እጃቸው ጨበጡ። በዚያው ዓመት እትዬ ክር በመስታወት የተሠራ ሽልማት ተሰጣቸው። ከባድና የማይንሸራተት ስለነበር የማድ ቤታቸውን በር ሲደግፍ ኖሯል፤ ከሽልማት ሁሉ ለሥራ ያገለገለው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ በኋላ ለሕዝብ ምንም አላቀረቡም። ወጣት አርቲስቶች ወደ ቤታቸው እየመጡ ስለ ዘመኑ መሣሪያ ሲነግሯቸው ያዳምጡ ነበር፤ ሲጨርሱም ዝም ብለው ያዩዋቸው ነበር። አብዛኞቹ ያንን ዝምታ መቋቋም ስለማይችሉ እንደገና ማውራት ይጀምራሉ። እነዚያ ሁለተኛ አይጋበዙም። ዝም ብለው መቀመጥ የቻሉት ጥቂት ናቸው፤ ዛሬ ከኋላ የቆሙት እነሱ ናቸው።

በ2015 ዓ.ም. መገባደጃ ሳንባቸውን ታመሙ። የፋርማሲ ባለሙያ የሆነችው ልጃቸው ሥራዋን ትታ አስታመመቻቸው። ሆስፒታል ሲገቡ ከልብስ በፊት ያስያዙት በባትሪ ድንጋይ የሚሠራውን አሮጌ መቅጃቸውን ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ መናገር እያቃታቸው ሲመጣ ልጃቸውን መቅጃውን እንድትከፍት በእጃቸው ምልክት ሰጧት።

«ምን ልትናገሪ ነው፣ እማዬ?»

«ምንም። ብቻ እንዳትዘጊው።»

ረዘም ረዘም አድርገው በአፍንጫቸው ተነፈሱ፤ ልጅየው ያ ትንፋሽ ከአያቷ ወንበር ሥር እንዴት ይደመጥ እንደነበር ከእናቷና ከአጎቷ ስትሰማ ነበር ያደገችው። ጥቅምት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በስልሳ ሰባት ዓመታቸው፣ መቅጃው ክፍት እንደሆነ፣ ዐረፉ። ነርሷ ገብታ፣ «ልዝጋልሽ፣ እህቴ?» ስትላት ልጅየው እጇን ያዘቻት። ክሩ በራሱ አልቆ ተሽከርካሪው ቀጭ ቀጭ እስኪል ድረስ ማንም አልነካውም። ያ ቴፕ የእናቷን ስም ይዞ በልጅየው እጅ ይገኛል። ለእትዬ ክር ያልተረፈላቸው ነገር ለልጃቸው ተረፈ።

ሬሳው ከሆስፒታል ሳይወጣ ማኖሪያ ቤቱ ስልክ ደውሏል። ሐዘኑን ገልጾ፣ የቀሩትን ቴፖች በሙሉ፣ በተለይም የመጨረሻውን፣ ተቀብሎ ወደ ኮምፒውተር ለማዛወርና «ለማጽዳት» ዝግጁ መሆኑን አስታውቋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ቤተሰቡ በዚህ በቆመው ሕዝብ ፊት መልሱን ይሰጣል፦ አንሰጥም። በቴፑ ላይ ያለው ባዶ ነው ብላችሁ ተጽናኑ።

እትዬ ክር አንዲት ልጅ፣ ሁለት የልጅ ልጆችና አንድ ወንድም ትተዋል። ባለቤታቸው ቀድመዋቸዋል፤ ፊልሙ ካለቀ በኋላ በር ከፍተው እንደሚጠብቋቸው ተስፋችን ነው።

በመርሐ ግብሩ መሠረት ከዚህ ጽሑፍ ቀጥሎ አቶ ማጠቃለያ ማኖሪያ ቤቱን ወክለው ይናገራሉ። ቤተሰቡ አልተቃወመም፤ ሟች ከሁሉም በላይ የተለማመዱት ንግግርን ጠብቆ ማሳለፍ ነውና። ሲጨርሱ ግን እንዳይጨበጨብ እንለምናለን። መቅጃቸው ከሣጥኑ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ይህ ጽሑፍ ከመነበቡ በፊት ተከፍቷል። አፈሩ ከተመለሰም በኋላ፣ ሰዉ ወደየመኪናው እያወራ ሲሄድም፣ የመጨረሻው ሰው በሩን እስኪያልፍ ድረስ አይዘጋም። ልጃቸው አጠገቡ ትቆያለች።

ቃል ካልወጣው አፍ የሚሰማ ፈጣሪ፣ የእናትየውም የጠፋ ትንፋሽ የት እንዳለ የሚያውቅ እሱ፣ የእኅታችንን ነፍስ አንዱንም ሳይቆርጥ ይቀበልልን። ለእኛም ዝም የምንልበትን ልብ ይስጠን። አሜን።